ለምደውት ነው ወይስ ዐውቀውት?

ሰው መጀመሪያ የጠላውን አዲስ ነገር ከጊዜ በኋላ ሲወደው ስናይ የምንሰጠው ምክንያት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ለመደው» እንላለን። አዲስ አማች ቢሆን ለመዱት፣ አዲስ የደንብ ልብስ ቢሆን ለመዱት፣ አዲስ የትምህርት መጽሐፍ ቢሆንም ለመዱት። ቃሏ አጭር ስለ ሆነች ትመቻለች፤ ክርክርም ወዲያው ትዘጋለች። እኔ ዛሬ ልሟገት የተነሣሁት ከዚህች ቃል ጋር ነው። መሟገቻዬም ፖርሽ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የሚሠራው 911 የተሰኘው የስፖርት አውቶሞቢል ነው። ይህ መኪና በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከራሱ እስከ ጅራቱ ተለውጦ ሲወጣ ብዙዎቹ ወዳጆቹ እንደ ሐዘን ቆጠሩት። ዛሬ ግን ያንኑ የተጠላ መኪና ፈልገው የሚገዙ፣ የሚያድሱና የሚከራከሩለት ጥቂት አይደሉም። ምን ተፈጠረ?

«ስለ ሀብታም መጫወቻ በመምህራን ማሠልጠኛ ግድግዳ ላይ መጻፍ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ይህን መኪና በሥዕልና በፊልም አየሁት እንጂ መሪውን ጨብጬ አላውቅም። ነገር ግን መውደድና መጥላት ከየት እንደሚመጡ መመርመር ለሚፈልግ ሰው እንደ አውቶሞቢል ወዳጆች የሚመች ሕዝብ የለም። ሲወዱም ሲጠሉም ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው፤ የሚሉት ሁሉ በመጽሔት እየታተመ ስለሚቀመጥ ከሃያ ዓመት በኋላ ገልጦ ማመሳከር ይቻላል። ደግሞም የዚህን መኪና ዘር እኛም እናውቀዋለን፤ ቮልስ ነዋ!

አዎን፣ ነገሩ የሚጀምረው ከቮልስ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ያቺ ጀርባዋ ክብ የሆነ ትንሽ መኪና ስታልፍ ዞሮ ሳያይ በድምጿ ብቻ የሚለያት ሰው ብዙ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ዕቃ የሚጫነው ከፊት ነው። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሳይሆን በቬንትሌተር የሚነፋ አየር ነው። የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሽ ይባላል። ልጁ ፌሪ ፖርሽ በ1948 ብዙ የቮልስ ዕቃ ተጠቅሞ 356 የተባለውን፣ የፖርሽን ስም የያዘውን የመጀመሪያ የስፖርት መኪና አወጣ። የልጅ ልጁ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ደግሞ የ356ን ተተኪ ቅርጽ ነደፈ፤ እሱም በ1963 በፍራንክፈርት ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ። መጀመሪያ የተሰጠው ስም 901 ነበር። የፈረንሳዩ ፔዦ ግን መሐሉ ላይ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አኀዝ ስም የኔ ነው ብሎ ስለ ተቃወመ ዜሮዋ ወጥታ አንድ ገባችና 911 ተባለ። ፔዦ 404ን ያየ ሰው የተቃውሞው ምክንያት ይገባዋል።

እንግዲህ 911 ለቮልስ የሥጋ ዘመድ ነው። ሞተሩ እንደ ቮልስ ከኋላ ጎማዎች በስተጀርባ ተንጠልጥሏል፤ እንደ ቮልስ በአየር ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ አራት ሳይሆን ስድስት ሲሊንደሮች ያሉት መሆኑ ነው፤ ሦስቱ ወደ ግራ፣ ሦስቱ ወደ ቀኝ ጋደም ብለዋል። የመጀመሪያው ሞተር ሁለት ሊትር ሆኖ 130 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

ሞተርን እዚያ ማስቀመጥ ለስፖርት መኪና አስቸጋሪ ነገር ነው። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ስለሚበዛ፣ በመታጠፊያ ላይ በፍጥነት እየሄደ ድንገት ፈርቶ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሣ ሰው የመኪናው ጅራት ሊቀድመው ይችላል። በሌላ በኩል ያው ክብደት የኋላ ጎማዎቹን መሬት ላይ ስለሚጫናቸው ከመታጠፊያው ሲወጣ አስፋልቱን ቆንጥጦ ይሄዳል። ስለዚህ 911 ሰው ተቀምጦ እንደ ወንበር የሚጠቀምበት መኪና አይደለም፤ አመሉን መማር ያስፈልጋል። አመለኛ በቅሎ ገርቶ የሚጋልብ ሰው በበቅሎው እንደሚኮራ፣ የ911 ሰዎችም የሚኮሩት በዚህ ነው። ለ34 ዓመታት ያህል ሞተሩ አደገ፣ ጎማው ሰፋ፣ ጉልበቱ ጨመረ፤ ሦስት ነገሮች ግን ሳይለወጡ ቆዩ። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ማቀዝቀዣው አየር ነው፣ የፊት መብራቶቹ ክብ ናቸው።

ሦስቱም እኩል የተወደዱ ይመስሉ ነበር። እኩል አለመሆናቸውን ያሳየው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ አንድ ሌላ መኪና መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ለምደውት ነው» የሚለውን ሐሳብ የሚጥለው ዋናው ማስረጃዬ እሱ ነው።

በ1970ዎቹ ፋብሪካው ራሱ የ911 ዘመን አልፏል ብሎ አስቦ ነበር። ተተኪ እንዲሆነው የታሰበው 928 በ1977 በጄኔቭ ትርኢት ቀረበ። ሞተሩ ከፊት ነው፤ ስምንት ሲሊንደር ነው፤ በውሃ ይቀዘቅዛል። በ1978 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተሸለመ፤ የስፖርት መኪና ሆኖ ይህን ሽልማት ያገኘ ሌላ የለም። አይንሸራተትም፣ ሩቅ መንገድ አይሰለችም፣ ጉልበቱም የተትረፈረፈ ነው። እስከ 1995 ድረስም ተሠራ። ልብ በሉ፤ የ911 ወዳጆች ይህን መኪና ለ18 ዓመታት በመንገድ፣ በመጽሔት፣ በሻጭ ቤት አይተውታል። ዐይን በመልመድ ብቻ ልብን የሚያስከትል ቢሆን ኖሮ 928 ወራሽ በሆነ ነበር። አልሆነም። የራሱ ወዳጆች አሉት፤ ዛሬም የሚሳሱለት አሉ። ነገር ግን «የ911 ልጅ ነው» ብሎ የተቀበለው አልተገኘም።

በ1981 የፋብሪካው ኀላፊ ሆኖ የመጣው ፒተር ሹትዝ ኋላ እንደተረከው፣ በዋናው መሐንዲስ በሄልሙት ቦት ቢሮ ግድግዳ ላይ የየመኪናው የወደፊት ዕቅድ በመስመር ተሥሎ ነበር። የሌሎቹ መስመር ወደፊት ይቀጥላል፤ የ911 መስመር ግን በዚያው ዓመት ያበቃል። ሹትዝ ማርከር አንሥቶ የ911ን መስመር ከወረቀቱ አሳልፎ፣ ግድግዳውን ይዞ እስከ በሩ ድረስ አስመረው ይባላል። (የግድግዳ ጽሑፍ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ለአዘጋጆቻችን ማስታወሻ ይሁን።) ስለዚህ ሽልማት የተሰጠው መኪና ቀርቶ ሽማግሌው ቀጠለ።

አሁን ወደ ሥነ ልቦና ትምህርታችን ልመለስ። ሮበርት ዛዮንስ የተባለ በአሜሪካ ይሠራ የነበረ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1968 ባሳተመው ጥናት ለሰዎች ትርጉም የሌላቸው ቃላት፣ የማያነቧቸው የቻይና መሰል ፊደላትና የማያውቋቸው ሰዎች ፎቶግራፎች አሳያቸው፤ አንዳንዱን ጥቂት ጊዜ፣ አንዳንዱን ደጋግሞ። ደጋግመው ያዩትን የበለጠ ወደዱት። «ለመደው» የሚሉ ጓደኞቼ የሚጠቅሱት ይህን ነው፤ ጥናቱም የተከበረ ነው። ነገር ግን እዚያ የቀረቡት ነገሮች ሰውየው አስቀድሞ የማይወዳቸውም የማይጠላቸውም ነበሩ። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ከመጀመሪያውኑ የተጠላን ነገር ደጋግሞ ማሳየት ፍቅርን እንደማያመጣ፣ እንዲያውም ጥላቻውን ሊያብሰው እንደሚችል አሳይተዋል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የማይወዱትን ሰው በየቀኑ ማየት ምን እንደሚያደርግ በመኝታ ክፍል የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገሩ የቃል ጨዋታ አይደለም። ለውጥ ሁሉ በልማድ የሚወደድ ከሆነ አዲስ ነገር የሚያመጣ ሰው ምንም አይጠበቅበትም ማለት ነው። ማስረዳት አይኖርበትም፣ የሚጠብቀውንና የሚተወውን መለየት አይኖርበትም፤ እጁን አጣጥፎ «ጊዜ ይፈታዋል» ማለት ይበቃዋል። አዲስ የትምህርት መጽሐፍ ይዘን ክፍል የምንገባ ሰዎች ይህን ሐሳብ ዝም ብለን ብናሳልፈው ለራሳችን ስንፍና መሸሸጊያ እናደርገዋለን። 928 እኮ 18 ዓመት ጠብቋል።

ታዲያ የ1997ቱ መኪና ምን ስላደረገ ነው ሳይጠበቅ የተወደደው?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፖርሽ ሊሞት ደርሶ ነበር። የአሜሪካ ገበያ ወደቀ፤ ሽያጩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ እጅግ ወደሚያንስ ወረደ። መኪናዎቹ በእጅ እየተስተካከሉ የሚሠሩ ስለ ነበሩ ወጪያቸው ከባድ ነበር፤ ደግሞ የፊት ሞተር ያላቸውና 911 በዕቃ አይገናኙም። ቬንደሊን ቪዴኪንግ የተባለው መሐንዲስ ኀላፊ ሲሆን ከዚህ ቀደም በቶዮታ የሠሩ ጃፓናውያን አማካሪዎችን አስመጣ። ጃፓናውያኑ ፋብሪካው ውስጥ ገብተው ያዩት በረጃጅም መደርደሪያ የተከመረ መለዋወጫ ነው፤ ሠራተኛው መሰላል እየወጣና እየወረደ ዕቃ ሲፈልግ ይውላል። እንደሚተረከው አንዱ አማካሪ ለቪዴኪንግ ራሱ የኤሌክትሪክ መጋዝ ሰጠውና መደርደሪያዎቹን ከወገባቸው እንዲቆርጣቸው አዘዘው። ኀላፊውም በሠራተኞቹ ፊት ቆረጠ። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፤ ለውጥን የሚሰብክ ሰው መጋዙን ራሱ ሲይዝ ነገሩ ሌላ ነው።

ከዚህ ችግር የወጡት መንታ መኪናዎች ናቸው። አንደኛው ቦክስተር የተባለው አነስተኛና ርካሽ መኪና ሲሆን በ1996 ወጣ። ሁለተኛው በፋብሪካው የውስጥ ቁጥር 996 የሚባለው አዲሱ 911 ነው፤ በ1997 በፍራንክፈርት ታየ። ሁለቱ ከበሩ ወደፊት ያለውን ሁሉ ከሞላ ጎደል ተጋሩ። የፊት መብራታቸውም አንድ ሆነ። ሞተሩ አዲስ ነው፤ 3.4 ሊትር፣ 300 የፈረስ ጉልበት፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ አራት አራት ቫልቭ፣ ማቀዝቀዣውም ውሃ። አየርን የተዉት ለመዘመን ብለው ብቻ አይደለም። የጭስና የድምፅ ሕጎች እየጠበቁ ሄዱ፤ አራት ቫልቭ የተጨናነቀበትን ቴስታታ ደግሞ አየር ብቻውን በሚገባ አያቀዘቅዘውም። ውሃው ሙቀትም ይወስዳል፣ ድምፅም ያፍናል።

ድምፁን አፈነ! እዚህ ላይ ነው ለቅሶው የጀመረው። ያ ከቮልስ የወረሰው የቬንትሌተር ጩኸት፣ ያ ደረቅ ሳል የመሰለ ድምፅ ጠፋ። መኪናው ከቀዳሚው 185 ሚሊ ሜትር ረዘመ። ውስጡ በፕላስቲክ ተሞላ፤ የዱሮው የተሠራበት ጥንቃቄ ጎደለው። ከሁሉ በላይ ግን መብራቱ! ክቡ መብራት ቀርቶ በምትኩ ከሥሩ ወደ ጎን የፈሰሰ ቅርጽ መጣ፤ ብርቱካንማው ፍሬቻም እዚያው አብሮ ገባ። ጀርመኖቹ ሳይመታ የተጠበሰ እንቁላል አሉት፤ አስኳሉ ፈስሶ ነጩ ላይ የተዘረጋ። ስሙ በአንድ ጊዜ ዓለምን ዞረ። ሀብታሙ ገዢ ደግሞ ሌላ የሚቆጨው ነገር ነበረው፤ ከብዙ ገንዘብ ጋር 911 ገዝቶ መስተዋት ውስጥ የሚያየው ፊት ከኋላው የሚመጣው የርካሹ ቦክስተር ፊት ነው።

እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው አልጮሁም። ፕላስቲኩ እውነትም ርካሽ ነበር። መብራቱንም እኔ እስከ ዛሬ አልወደድኩትም፤ ፎቶግራፉን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ያው ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ከተጻፈው ውስጥ ስለ ዐይንና ስለ ጆሮ ብዙ ተብሎ፣ ስለ እጅ የተባለው ጥቂት ነው። መኪናው ረዝሞም ሰፍቶም ከቀዳሚው 50 ኪሎ ይቀል ነበር። አየሩን የሚቀድበት ቅርጽም ተሻሽሎ ነበር። ሞተሩ አሁንም ስድስት ሲሊንደር ነው፤ አሁንም ጋደም ብሎ ተኝቷል፤ ከሁሉ በላይ አሁንም ከኋላ ጎማዎች በስተጀርባ ተንጠልጥሏል። 928 የጣለውን 996 አልጣለም። ይህን ግን ቆሞ በማየት ማወቅ አይቻልም፤ መታጠፊያ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

መታጠፊያ ውስጥ የሚገባው ሰው ማነው ታዲያ? እዚህ ላይ የነገሩ ዋና ሚስጥር አለ ብዬ አምናለሁ። አዲሱን 911 የሚገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተሳካለት ነጋዴ ወይም ሐኪም ነው፤ ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ቤቱ ይነዳዋል። 996 የተጠላ በመሆኑ አሮጌ ሲሆን ዋጋው ወደቀ። ለብዙ ዓመታት ከ911ዎች ሁሉ በርካሽ የሚገኘው እሱ ነበር። በአንጻሩ በአየር የሚቀዘቅዙት ዋጋቸው ሰማይ ስለ ነካ ባለቤቶቻቸው ጋራዥ ውስጥ ሸፍነው ያስቀምጧቸው ጀመር። ስለዚህ የሚወደደው መኪና ቆመ፤ የተጠላው ተነዳ። የተጠላውን የያዙት ደግሞ ወጣቶች፣ ደመወዝተኞች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እጃቸውን ዘይት የሚነክሩ ሰዎች ሆኑ።

እነሱም መኪናውን ከነነውሩ ተማሩት። የ996 ታላቁ ነውር የሚታወቅ ነው፤ በሞተሩ ውስጥ አንዲት የመካከለኛ ዘንግ ኩሽኔታ አለች። እሷ ከተበላሸች ሞተሩን ሁሉ ይዛው ልትሄድ ትችላለች። በሁሉም ላይ አይደርስም፤ የደረሰበት ሰው ግን ከመኪናው ዋጋ የማይተናነስ ኪሳራ ይገጥመዋል። ወዳጆቹ ምን አደረጉ? ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው መውረዱ ስለማይቀር ያን ጊዜ ኩሽኔታዋ አብራ እንድትቀየር ልማድ አደረጉት፤ ከፋብሪካው የተሻለ ኩሽኔታ የሚሠሩ ትናንሽ ወርክሾፖችም ተነሡ። ዘይት ሲቀይሩ ማጣሪያውን ቀደው የብረት ቅንጣት እንዳለ ያያሉ። ያ የተሰደበው መብራት እንኳ በጋራዥ ውስጥ ክብር አገኘ፤ አጭሩ፣ ረጅሙና ፍሬቻው በአንድ ላይ ስለ ተሠሩ በአንድ ቁልፍ ተፈትቶ ሙሉውን ተስቦ ይወጣል፤ አምፖል መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ለፋብሪካው ርካሽ ያደረገው ነገር ለባለቤቱም ምቹ ሆነ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «እና ርካሽ ስለ ሆነ ነው የወደዱት በለኛ! ሰው የደረሰበትን ይወዳል» አለኝ። ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ ከልማዱም ይጠነክራል። መልሴ ይህ ነው። ርካሽነት ሰውን እስከ በሩ ያደርሰዋል እንጂ እቤት አያስቀምጠውም። በዚያው ገንዘብ ኩሽኔታዋ የማታሰጋው ሌላ ጥሩ መኪና መግዛት ይቻል ነበር፤ ብዙዎችም ሞክረው ሸጠው ሄደዋል። የቀሩት ግን ዋጋው እንደገና ሲወጣ፣ ማለት ሸጠው ማትረፍ በሚችሉበት ጊዜ፣ አልሸጡትም። የደረሱበትን ብቻ የሚወዱ ቢሆኑ ኖሮ ገንዘቡን ይዘው ወደሚመኙት ይሄዱ ነበር።

በሌላ በኩል ጠቡን ያበረደው የሩጫ ሜዳም ነው። በ1998 የለማን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው 911 ጂቲ1 የሚባለው የውድድር መኪና ሞተሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነበር። ከዚያ ሞተር ዘር የወጣው በ1999 ለጂቲ3፣ በ2000 ደግሞ ለቱርቦው ተሰጠ። ሁለቱም ያው 996 ናቸው። ቱርቦውን የነዳ ሰው ስለ ውሃ ማውራት አስቸገረው። የቱርቦው መብራትም ትንሽ ተስተካክሎ ነበርና ለ2002 ዓመት ሞዴል ተራውም 911 ያን መብራት አገኘ። ፋብሪካው ጩኸቱን ሰምቷል ማለት ነው።

በ2004 ተተኪው መጣ። በውስጥ ቁጥሩ 997 የሚባለው ነው። ክቡ መብራት ተመለሰ፤ ፍሬቻው ለብቻው ወረደ፤ ውስጡም ተዋበ። ወዳጆች እልል አሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን የተባለው ሳይሆን ያልተባለው ነው። 997ም እኮ ራዲያተር አለው! ሞተሩ በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ያ የአየር ድምፅ አልተመለሰም። ከሰባት ዓመት በፊት «ውሃ ገባበት፣ ሞተ» ሲባል የነበረው 911፣ ውሃው ሳይወጣ መብራቱ ብቻ ክብ ስለ ሆነ ተነሣ ተባለ። ስለዚህ ያ ሁሉ ስለ ውሃ የተጻፈ ነገር ከግማሽ በላይ ስለ መብራት ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሰው የሚከፋው በአንድ ነገር ሆኖ የሚናገረው ስለ ሌላ ነው፤ ዐይኑን የከፋውን ነገር በኢንጂነሪንግ ቋንቋ ይናገረዋል፤ እንዲያ ሲሆን ክብደት ያለው ይመስላልና። ከሦስቱ ነገሮች ውስጥ ሞተሩ ከኋላ መሆኑ የማይነካ፣ ክቡ መብራት በብርቱ የሚናፈቅ፣ አየሩ ግን ሊቀር የሚችል ሆኖ ተገኘ። በ1997 ይህን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ፋብሪካውም ቢሆን በሁለተኛው ላይ ስቷል።

ሁሉም ታረቀ ማለቴ አይደለም። በካሊፎርኒያ በ2014 የተጀመረ ሉፍትገኩልት የሚባል የፖርሽ ወዳጆች ስብሰባ አለ፤ የጀርመንኛው ትርጉም «በአየር የቀዘቀዘ» ማለት ነው። ስሙ ራሱ የት ላይ መስመር እንደሚያሰምር ይናገራል። እነዚህ ሰዎች 1998ን የመጨረሻ ዓመት አድርገው ይኖራሉ፤ እኔም አልፈርድባቸውም፤ የቮልስን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ይረዳቸዋል። ስለ 996 «ተወደደ» ስንል የጠሉት ሰዎች ሁሉ ልባቸው ተለወጠ ማለት እንዳልሆነም ማስተዋል ያሻል። ከፊሉ ተለወጠ። ከፊሉ ግን እንደ ጠላ ኖረ፤ ይልቁንም በ1997 ልጅ የነበረ፣ ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ቂም የሌለው፣ የመጀመሪያውን 911 በዚህ መልክ ያወቀ ትውልድ አድጎ ገንዘብ ያዘ። ለእሱ የተጠበሰው እንቁላል የልጅነቱ መኪና ነው። ይህንንም «ለመደው» ማለት አይቻልም፤ የሚለምደው ጥላቻ መች ኖረውና።

በ2022 ደግሞ አንድ ነገር ሆነ። የአሜሪካ የፖርሽ ክለብ፣ ማለትም የወዳጆቹ የራሳቸው ማኅበር፣ ከፋብሪካው ጋር ተስማምቶ አንድ ለብቻው የሚሠራ ልዩ መኪና አሠራ። ከስድሳ ዓመት የ911 ታሪክ ውስጥ የፈለጉትን መምረጥ ይችሉ ነበር። የመረጡት አንድ አሮጌ 996 ነው። ገዙት፣ ፋብሪካው እስከ አጥንቱ ፈታው፣ የጂቲ3 ሞተር አስገባበት፣ ከኋላው በ1973ቱ ካሬራ አርኤስ ላይ የነበረውን የዳክዬ ጭራ የሚመስል ክንፍ ሠራለት።

በግንቦት 2024 ፖርሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከነዳጁ ሞተር ጋር የተጣመረበትን የመጀመሪያውን የመንገድ 911 አሳየ። ስድስቱ ሲሊንደሮች ጋደም እንዳሉ ናቸው፤ ቦታቸውም ከኋላ ነው። መብራቱም ክብ ነው። ጩኸቱ ግን እንደገና ተነሥቷል፤ ስለ ባትሪ፣ ስለ ክብደት፣ «ሞተ» እየተባለ። የሚጽፉት አብዛኞቹ ገና አልነዱትም።